ለየት ያለ ሰዓት ለሒሳብና ለኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች፦ በወላይታ ሶዶ የመሥሪያ መመሪያ

ለሒሳብ ወዳጆች ተብለው የሚሸጡ የግድግዳ ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ ተራ ሰዓቶች ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሞተር በአንድ ድንጋይ የሚሠራው የታወቀው የኳርትዝ ሞተር ነው፤ ልዩነቱ ገጹ ላይ ነው። በ3 ፈንታ የ9 ካሬ ሥር፣ በ6 ፈንታ የ3 ፋክቶሪያል ይጻፍበታል። ለኤሌክትሮኒክስ ወዳጆች የሚሠሩት ደግሞ ሰዓቱን በሁለትዮሽ ቁጥር በመብራት ያሳያሉ፣ ወይም የሰርኪዩቱን ሽቦና ቺፕ ሳይሸፍኑ ይተዉታል። ሁለቱም ዓይነት ወላይታ ሶዶ ላይ ሲሰቀል አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥረውን የአገሩን ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ ገዝቶ ከመስቀል ሠርቶ መስቀል ይሻላል። ወጪውም ቢሆን የሚከብድ አይደለም።

መጀመሪያ ገጹ። በዓለም ገበያ በብዛት የተሸጠ አንድ የሒሳብ ሰዓት በ9 ቦታ ላይ 3(π − 0.14) ይላል። ውጤቱ 9 አይደለም፤ 9.0048 ግድም ነው። በ7 ቦታ ላይ ያለው 52 − x² + x = 10 የሚለው እኩልታ ደግሞ ሁለት መልስ አለው፤ 7 እና −6። በአሥራ ሁለት ሰዓት ዙር −6 ማለት 6 ስለሆነ፣ ያ ሰዓት በአንድ ጊዜ ሰባትም ስድስትም ይላል ማለት ነው። ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳያመልጠው እያንዳንዱ መግለጫ አንድ መልስ ብቻ ያለውና በትክክል ሙሉ ቁጥር የሚሰጥ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ለጀማሪ የሚመከረው በሦስት ዘጠኞች ብቻ የሚሠራው ገጽ ነው፤ የቆየና እንከን የሌለው እንቆቅልሽ ነው። ለ2 ሰዓት (9+9)÷9፣ ለ4 ሰዓት √9+9÷9፣ ለ6 ሰዓት 9−9÷√9፣ ለ8 ሰዓት 9−9÷9፣ ለ10 ሰዓት 9+9÷9፣ ለ11 ሰዓት 99÷9፣ ለ12 ሰዓት 9+9÷√9 ይጻፋል። አስቸጋሪዎቹ 5 እና 7 ናቸው። ሁለቱም ፋክቶሪያል ይፈልጋሉ፤ (√9)! ስድስት ስለሆነ 9÷9 ሲቀነስለት 5፣ ሲደመርለት 7 ይወጣል። የቀሩት 1፣ 3 እና 9 ለቤቱ ልጆች ቢተዉ ይሻላል።

ገጹ እንዲህ ይሠራል። የተራ ሰዓት መስታወት ይነሳል። መርፌዎቹ ከሰከንድ ቆጣሪው ጀምሮ በየተራ ወደ ላይ ተስበው ይወጣሉ። በአሮጌው ገጽ ልክ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን በ30 ዲግሪ ልዩነት ይከፈልና ቁጥሩ ይጻፍበታል። መርፌዎቹ ሲመለሱ ሦስቱም በአንድነት 12 ላይ ይገጠማሉ፤ የሰዓቱና የደቂቃው መርፌ ካልተጣጣሙ ሰዓቱ ዕድሜ ልኩን ይዋሻል። ቁጥሮቹ በግዕዝ የሚጻፉ ከሆነ ከ፩ እስከ ፲፪ ያለው በሙሉ ያለ ዜሮ ይጠናቀቃል፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውምና ለሰዓት ገጽ እንደዚህ የሚስማማ ቁጥር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ ስድስትም የአሥራ ሁለት ግማሽ ስለሆነ፣ ስድስት መደመርና ስድስት መቀነስ በአሥራ ሁለት ዙር ውጤታቸው አንድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የፈረንጁን ሰዓት ገልብጦ መስቀል ይበቃል የሚል ሰው አይጠፋም። የሰዓቱ መርፌ በእርግጥ ይስተካከላል። የደቂቃው መርፌ ግን አብሮ ይገለበጥና ልክ የሆነውን ሰዓት ተኩል ያደርገዋል። ስለዚህ መዞር ያለበት ገጹ ሳይሆን ከኋላ ያለው መሙያ ነው።

ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ሲገባ የሚሠራው ሰዓቱን በግዕዝ ቁጥር በመብራት የሚያሳይ፣ የኢትዮጵያን ቀንም ራሱ የሚያሰላ ሰዓት ነው። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ናቸው፤ አርዱይኖ ኡኖ ቦርድ፣ ዲኤስ 3231 የተባለው የሰዓት ሞጁል፣ ማክስ 7219 ቺፕ ያለባቸው አራት ተያያዥ የ8 በ8 የመብራት ሰሌዳዎች፣ እና 5 ቮልት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር። ሶዶ ውስጥ ካልተገኙ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ቤት ውስጥ ስታኞና መበየጃ ከሌለ የፒኖቹን ብየዳ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኞች በደቂቃዎች ይጨርሱታል።

የሰዓቱ ሞጁል ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ መብራት በጠፋ ቁጥር መልሱን ያገኛል። አርዱይኖ ብቻውን ሲሆን መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ መብራት ባይጠፋም በሳምንት ውስጥ ደቂቃዎች ሊያዛባ ይችላል። ዲኤስ 3231 ግን የራሱ ድንጋይ አለው፣ የራሱን ሙቀት እየለካም ምቱን ያስተካክላል። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስሕተቱ ከሚሊዮን ሁለት አይበልጥም፤ ይህም በዓመት አንድ ደቂቃ ግድም ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ 2 ለ15 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ቺፑ ምቱን አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲከፍለው ልክ በሰከንድ አንድ ምት ይቀራል። በግድግዳ ሰዓቱ ሞተር ውስጥ ያለውም ይኸው ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚሸጡት የዚህ ሞጁል ዓይነቶች ድንጋዩን ለመሙላት የተዘጋጀ መስመር አላቸው፤ ብዙ ሰው የሚያስገባው ሲአር 2032 ግን የማይሞላ ድንጋይ ነው። ያለማቋረጥ ሲሞላ ያብጣል፣ ሊፈስም ይችላል። ስለዚህ በሞጁሉ ላይ ከትንሿ ዳዮድ ጎን ያለችውን ሬዚስተር በመበየጃ ማንሳት ግድ ነው።

የሽቦው አገጣጠም አጭር ነው። የሰዓቱ ሞጁል ኤስዲኤ ከኤ4፣ ኤስሲኤል ከኤ5 ጋር ይያያዛል። የመብራት ሰሌዳው ዲአይኤን ከ11፣ ሲኤስ ከ10፣ ሲኤልኬ ከ13 ጋር ይገናኛል። ሁለቱም ኃይላቸውን ከ5 ቮልቱ ይወስዳሉ፤ ግራውንዳቸውም የጋራ ነው። የመብራቱ ድምቀት ከ0 እስከ 15 ይስተካከላል፤ ለቤት ውስጥ 2 ወይም 3 ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተደረገ አራቱ ሰሌዳዎች አንድ የኮምፒውተር ዩኤስቢ ከሚችለው በላይ ኃይል ሊስቡ ይችላሉ።

ፊደሉን መሣል ከሁሉም የሚጥመው ሥራ ነው። ሰዓትና ደቂቃን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት አሥራ አራት የቁጥር ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኙ፣ እንዲሁም ፲፣ ፳፣ ፴፣ ፵ እና ፶። እያንዳንዱ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በ8 በ8 ቤት ይሣላል፤ የሚበራው ቤት 1፣ የማይበራው 0 ይሆናል። አንድ ምልክት 8 ባይት ስለሚወስድ ሁሉም በ112 ባይት ያልቃል። በግዕዝ ቁጥር ላይና ታች የሚሰመሩት መስመሮች ከስምንቱ ረድፍ ሁለቱን ስለሚበሉ፣ መስመሮቹን ትቶ ምልክቱን ማጉላት ይሻላል። ብራና ላይ የሚያምረው ሁሉ መብራት ላይ አያምርም። ፯ እና ፮ ከሩቅ እንዳይምታቱ ሠርቶ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል።

አራቱ ሰሌዳዎች ልክ ይበቃሉ፤ ለሰዓቱ ሁለት፣ ለደቂቃው ሁለት። ከቀኑ 11 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ሲሆን ፲፩ ፶፱ ተብሎ አራቱም ይሞላሉ። ደቂቃው ባዶ ሲሆን ግን ዜሮ የለም። መፍትሔው አማርኛው ውስጥ አለ፤ በደቂቃው ቦታ «ልክ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ፊደል በሁለት ሰሌዳ ይገባል፣ ሰዓቱም እንደሚነገረው ይሆናል።

የሰዓቱ ስሌት አንድ መስመር ነው። ሞጁሉ ከ0 እስከ 23 የሚሰጠው ቁጥር ላይ 6 ይደመራል፣ ለ12 ይካፈልና ቀሪው ይወሰዳል፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ይባላል። 7 ገብቶ 13፣ ቀሪ 1፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። 18 ገብቶ 24፣ ቀሪ 0፤ አመሻሽ 12 ሰዓት። የቀኑን ክፍል ማሳየት ለሚፈልግ ከ0 እስከ 5 ያለው ከሌሊቱ፣ ከ6 እስከ 11 ከጠዋቱ፣ ከ12 እስከ 17 ከቀኑ፣ ከ18 እስከ 23 ከምሽቱ ነው። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ደግሞ የዕለቱን ስም ብቻ ከመጻፍ «ለሰኞ አጥቢያ» የሚል ተንቀሳቃሽ ጽሑፍ ማሳለፍ ይቻላል። ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው የሚለውን ክርክር ከዚህ በተሻለ የሚፈታ ቃል አልተገኘም።

የቀኑ ስሌት ሰፋ ያለ ነው፤ ግን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ቅለት ምክንያት ከፈረንጁ በጣም ይቀላል። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስለሆኑ የወር ሠንጠረዥ አያስፈልግም። የሞጁሉ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2000 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ይቆጥራል። ያ ዕለት ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር፤ ከመስከረም 1 ቀን 1992 ጀምሮ 111 ቀን አልፏል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ በቀኑ ቁጥር ላይ 111 ይደመራል። ሁለተኛ፣ ድምሩ ለ1461 ይካፈላል፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ነው። ድርሻው የአራት ዓመት ዙሮች ቁጥር ነው፤ ቀሪው ይያዛል። ሦስተኛ፣ ቀሪው ለ365 ይካፈላል፤ ድርሻው በዙሩ ውስጥ ያለፈው ዓመት ነው። አራተኛ፣ ከዚህ የተረፈው ለ30 ይካፈላል፤ ድርሻው ሲደመር 1 ወሩ፣ ቀሪው ሲደመር 1 ቀኑ ነው። ዓመቱ 1992 ሲደመር ዙሩ በ4 ተባዝቶ፣ ሲደመር በዙሩ ውስጥ ያለፈው ዓመት ነው።

ለሙከራ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2025 ይወሰድ። የቀኑ ቁጥር 9385 ነው፤ 111 ሲደመር 9496። ለ1461 ሲካፈል 6 ደርሶ 730 ይቀራል። 730 ለ365 ሲካፈል ልክ 2 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም። ዓመቱ 1992 + 24 + 2፣ ወሩ 1፣ ቀኑ 1፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ።

ይህን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አንድ ቦታ ላይ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱም የሚታየው በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለሆነ ሳይታወቅ ይቆያል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዕለት የሁለተኛው ደረጃ ቀሪ 1460 ይሆናል፤ ለ365 ሲካፈል 4 ይደርሳል፣ ሰዓቱም ጳጉሜን 6ን ትቶ ወደ አዲሱ ዓመት ይዘላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ መስከረም 1 ቀን 2016 ተብሎ ይነበብ ነበር። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ የሦስተኛው ደረጃ ድርሻ 4 ከሆነ 3 ተብሎ ይያዛል። ያኔ 1460 ሲቀነስ 1095፣ 365 ይተርፋል፤ ለ30 ሲካፈል 12 ደርሶ 5 ይቀራል፤ አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ስድስተኛው ቀን።

ዕለቱን ለማግኘት የቀኑ ቁጥር ለ7 ይካፈላል፤ ቀሪው 0 ሲሆን ቅዳሜ ነው። ለ9385 ቀሪው 5 ስለሆነ ዕለቱ ሐሙስ ይወጣል። ይህንን በባሕረ ሐሳብ ማመሳከር ይቻላል። 2018 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ሩቡ ክፍልፋዩ ተትቶ 1879 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9397፣ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። በብራና የተጻፈው ስሌትና በቺፕ የሚሠራው ስሌት አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ፕሮግራሙ ትክክል ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። ለወላይታው የዘመን መለወጫ በዓል ለጊፋታ የቀሩትን ቀናት መቁጠር የሚፈልግ ግን ዕለቱን በየዓመቱ በእጁ ማስገባት ይኖርበታል፤ በዓሉ በወላይታ ባህላዊ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚወሰን በዚህ ቀመር አይገኝም።

ቀለል ያለ ነገር የሚፈልግ በአሥር መብራት የሁለትዮሽ ሰዓት መሥራት ይችላል። ለሰዓቱ አራት መብራት (8፣ 4፣ 2፣ 1)፣ ለደቂቃው ስድስት (32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1)። በእያንዳንዱ መብራት ላይ 330 ኦም ሬዚስተር ይገባል። የበሩት ተደምረው ይነበባሉ፤ በሰዓቱ በኩል 2 እና 1፣ በደቂቃው በኩል 16 እና 4 ከበሩ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።

ከሁሉ በላይ ሒሳቡ የሚታይበት ሰዓት ግን ምንም መብራት የማይፈልገው የፀሐይ ሰዓት ነው፤ ይህም በሶዶ መልክዓ ምድር ልክ ብቻ ይሠራል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6.9 ዲግሪ ግድም፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37.75 ዲግሪ ግድም ላይ ትገኛለች። በመጻሕፍት የሚታየው የአውሮፓ የፀሐይ ሰዓት እዚህ አይሆንም፤ ለወገብ በቀረበ ቦታ መስመሮቹ ተጨናንቀው አይነበቡም። የሚስማማው ገጹም ጥላ ጣዩም ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ የሆኑበት ዓይነት ነው።

አሠራሩ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ ይዘጋጃል። በመካከሉ ስፋቱን ተከትሎ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ የላሜራ ቁራጭ ይቆማል። ጣውላው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ላሜራው ከደቡብ ወደ ሰሜን ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰሜናዊው ጠርዝ በ2.4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ የ6.9 ዲግሪውን ዘንበል ያመጣል። ሰሜንን ለማግኘት ኮምፓስ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሎ ዙሪያውን ክብ ይሠራል፤ የጥላው ጫፍ ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ ክቡን የነካባቸው ሁለት ነጥቦች የሚያገናኛቸው መስመር ምሥራቅ–ምዕራብ ነው።

የኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰዓት የሚለካው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ሶዶ ከዚያ በ7.25 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ናት። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ የሶዶ ፀሐይ ከሰዓቱ በ29 ደቂቃ ትዘገያለች። የሶዶ እውነተኛ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሆን ስድስት ተኩል ግድም ነው ማለት ነው። ልዩነቱ መስመሮቹ ውስጥ ከገባ ሰዓቱ በቀጥታ ይነበባል። የእያንዳንዱ መስመር ርቀት ከላሜራው ሥር የሚለካ ሲሆን፣ 5 ሴንቲ ሜትር በማዕዘኑ ታንጀንት ሲባዛ የሚገኝ ነው። በምዕራብ በኩል፦ 6 ሰዓት 0.64፣ 5 ሰዓት 2.05፣ 4 ሰዓት 3.80፣ 3 ሰዓት 6.46፣ 2 ሰዓት 11.92 ሴንቲ ሜትር። በምሥራቅ በኩል፦ 7 ሰዓት 0.68፣ 8 ሰዓት 2.10፣ 9 ሰዓት 3.87፣ 10 ሰዓት 6.58፣ 11 ሰዓት 12.22 ሴንቲ ሜትር። 1 ሰዓትና 12 ሰዓት አይገቡም፤ ታንጀንቱ ስለሚገንን ጥላው ከጣውላው ይወጣል። የሚነበበው የላሜራው የላይኛው ጠርዝ ጥላ ነው።

የፀሐይ ሰዓቱ ከእጅ ሰዓት ጋር ካልተስማማ መስመሩን መደለዝ አያስፈልግም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄደው በእኩል ፍጥነት ስላልሆነ፣ ዘንግዋም ያዘነበለ ስለሆነ፣ በየካቲት 4 ግድም ጥላው 14 ደቂቃ ይዘገያል፣ በጥቅምት 24 ግድም 16 ደቂቃ ይቀድማል። በታኅሣሥ 16፣ በሚያዝያ 7፣ በሰኔ 6 እና በነሐሴ 26 ግድም ሁለቱ ይስማማሉ። መጋቢት 29 እና ነሐሴ 30 ግድም ደግሞ ፀሐይ በሶዶ አናት ላይ ትሆናለች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። በነሐሴ ደመና ሊከለክል ስለሚችል ለማየት የሚሻለው የመጋቢቱ ነው።

ኤሌክትሮኒክሱን ሰዓት በተመለከተ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ዲኤስ 3231 በአራት የሚካፈለውን የፈረንጅ ዓመት ሁሉ የካቲትን 29 ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. 2100 ግን በፈረንጁ ሕግ እንዲህ አይደለም። በየካቲት 2092 ዓ.ም. ሞጁሉ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን በአንድ ይሳሳታል። ፕሮግራሙ ቀናትን የሚቆጥረው በዚያው በሞጁሉ ሕግ ከሆነና ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከ32,767 በላይ እንዲይዝ ከተደረገ፣ የኢትዮጵያው ቀን ግን አይሳሳትም፤ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት 6 ትሆናለችና።